መሪጌታ ያያሉ ወይስ ያስታውሳሉ

የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ግራ ዓይን በልጅነታቸው በፈንጣጣ ጠፍቷል፤ እሱን ማንም አይቆጥረውም ነበር። ቀኝ ዓይናቸውን ደግሞ ከሰባት ዓመት ወዲህ ሞራ ሸፍኖታል። ቁንዝላ በደረስን ማግሥት ስመረምራቸው፣ ጣቶቼን ከአንድ ክንድ ርቀት መቁጠር አልቻሉም። እጄን ሳወዛውዝ ግን «አንድ ነገር ይላወሳል» አሉኝ። ባትሪ ሳበራባቸው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ አልሳቱም፤ ከላይም ከታችም፣ ከቀኝም ከግራም አወቁት። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ከሞራው ጀርባ ያለው የዓይን ክፍል ደኅና መሆኑን ስለሚነግረን፣ ዶክተር መርስዔ ኀዘን ለቀዶ ጥገና መረጧቸው።

ጊዜው መስከረም 1974 ዓ.ም. ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ባሕር ዳር በመኪና፣ ከባሕር ዳር እስከ ቁንዝላ በሞተር ጀልባ የመጣነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ዶክተሩ፣ የዓይን ነርሷ እኔ ፀሐይወርቅ፣ እና ከባሕር ዳር የተቀላቀለን አገኘሁ የሚባል ጀልባ ነጂ። አገኘሁ ዕቃ ማውረድም በሽተኛ መሸከምም ሥራው አልነበረም፤ ሁለቱንም እያጉረመረመ ሠራው። የገበሬ ማኅበሩ አዳራሹን ሰጠን። አግዳሚ ወንበሮቹን አጋጥመን አልጋ አደረግናቸው። በስተፊት ግድግዳው ላይ የሦስት ጺማም ፈረንጆች ትልልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሊቀመንበሩ ጓድ አዘዘ እንዳይነካ አዘዘን፤ አልነካነውም። በዚህም የተነሣ ፋሻ የፈታንለት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ሆነ። እማማ ውዴ የተባሉ አሮጊት ዓይናቸው እንደተገለጠ ተነሥተው እጅ ነሡና፣ «የየትኛው ደብር አባቶች ናቸው?» ብለው ጠየቁ። ጓድ አዘዘ «የሠፊው ሕዝብ» ሲላቸው፣ «እሱን ደብር አላውቀውም፤ ሩቅ ነው?» አሉት።

ማደሪያዬ መሪጌታ ቤት ነበር። ሴት ልጃቸው እናትዓለም መደቧን አካፈለችኝ። እሷ የሃያ ዓመት፣ እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነበርን። መጀመሪያ «ሲስተር» ትለኝ ነበር፤ ከሦስት ሌሊት በኋላ «እትዬ» አለችኝ፤ ሳምንቱ ሲሞላ ደግሞ ጠጉሬን እየሠራች የመንደሩን ሰው ሁሉ ሐሜት ነገረችኝ። እናቷ ሞታለች፤ ወንድምም እህትም የላትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ባሕር ዳር ለመምህርነት ሥልጠና ተመርጣ ነበር። አምና በክረምቱ ግን መሪጌታ ብቻቸውን ሳሉ ምድጃ ውስጥ ገብተው እግራቸው ስለተቃጠለ፣ ዕድሉን ትታ ቀረች። ዘንድሮ ሁለተኛ ዕድል ሰጧት። የመመዝገቢያው ጊዜ ሊያልቅ ነው፤ በጊዜው የሚያደርሳት ደግሞ የእኛ ጀልባ ብቻ ነው።

«አባባ ካዩ እሄዳለሁ፤ ካላዩ እቀራለሁ» አለችኝ፤ ነገሩን ከዚህ በላይ አላበዛችውም።

ፋሻውን የፈታነው በምንሄድበት ዋዜማ ነው። የመሪጌታ ተማሪዎች በሩን ሞልተው ቆመዋል፤ እናትዓለም ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣለች። ዶክተር መርስዔ ኀዘን ጣታቸውን አሳዩ።

«ስንት ነው መሪጌታ?»

«ሦስት።»

«አሁንስ?»

«ሁለት።»

ዶክተሩ ደስ አላቸው፤ ወፍራሙን መነጽር አድርገውላቸው ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፉ። የዓይን መመርመሪያው የፊደል ሰንጠረዥ ተጠቅልሎ ታሽጎ ስለነበር፣ እኔ ከአባታቸው የወረሱትን የብራና ጸሎት መጽሐፍ አስመጣሁና እጃቸው ላይ አኖርኩት። ገለጡት። ከዚያ ያለ አንዳች መደናቀፍ፣ እንደ ወራጅ ውኃ፣ ገጽ በገጽ አነበቡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ጓድ አዘዘ ንግግር ጀመረ። ዶክተሩ ከወዲያኛው አልጋ «ግሩም ነው!» ብለው ጮኹ። እኔም ስቄ ወደ እናትዓለም ዞርኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ በአባቷ ጣቶች ላይ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የታጠቡትን ፋሻዎች ከሐይቁ ዳር ስንሰበስብ ተናገረች።

«እትዬ ፀሐይ፣ አባባ አላነበቡም።»

«እንዴት? ስንት ገጽ ሲያነቡ ሰምተሽ የለ?»

«ሰምቻለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ከዚያው መጽሐፍ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ የት እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ገጹ ካለቀ በኋላ ሦስት መስመር ያህል ሄደው ነው ቅጠሉን የገለጡት። በሚቀጥለው ደግሞ ሳያልቅ ገለጡ። የሚያነብ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

አሰብኩት። የሚያነብ ሰው እንዲህ አያደርግም።

«ታዲያ በቃላቸው ነው?»

«መሪጌታ እኮ ናቸው! የማያውቁት ምን አለ? ጣቱንም ቢሆን ማን ያውቃል። ተማሪዎቻቸው በሩ ላይ ነበሩ። አንዱ ጉሮሮውን ሁለቴ ቢጠርግ ይበቃል።» እርጥብ ፋሻውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። «ነገ ጀልባው ይነሣል። ሳላውቅ አልሳፈርም። አንቺ ሐኪም ነሽ፤ እወቂልኝ።»

ነርስ መሆኔን ልነግራት አሰብኩና ተውኩት። ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ሆኗል። ደግሞ ቀላል መሰለኝ፤ መጽሐፉን እኔ ራሴ ከመረጥኩት ቦታ ገልጬ እሰጣቸዋለሁ፤ ካዩ ያነባሉ፤ ካላዩ ዝም ይላሉ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ተማሪዎቹ ዕቃችንን ወደ ሐይቁ ሲያወርዱ፣ መሪጌታን ለብቻቸው አዳራሹ ውስጥ አገኘኋቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ጠብታ ጨመርኩላቸውና መነጽሩን መልሼ አደረግሁላቸው። መጽሐፉን አንሥቼ መካከሉ አካባቢ ገለጥኩት።

«እስቲ ይህን ያንብቡልኝ።»

«የቱን ነው የገለጥሽው?»

«እሱን እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

ፈገግ አሉ። መጽሐፉን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ግራና ቀኝ አስተካክለው ያዙትና ጀመሩ፤ እንደ ትናንቱ፣ እንደ ወራጅ ውኃ። እኔም ከጎናቸው ሆኜ ጽሑፉን በዓይኔ ተከተልኩ። ትክክል ነበር። ልቤ ሊያምን ሲል የግራ አውራ ጣታቸውን አየሁ። ከገጹ ግርጌ በጅማት የተሰፋ ቀዳዳ አለ። ብራና በሚወጠርበት ጊዜ የፍየሉ የቆየ ቁስል ተተርትሮ ይቀደዳል፤ ብራና ፋቂው በጅማት ሰፍቶት ሥራውን ይቀጥላል። አውራ ጣታቸው ያረፈው በዚያ ስፌት ላይ ነው።

ሌላ ገጽ፣ ቀዳዳ የሌለበትን መርጬ ሰጠኋቸው። አሁን ጣታቸው ወደ ዳር ሄደና ለምልክት የተደረገውን ክር ነካ። ከዚያ ዕቃ እንደሚመዝን ሰው የቀኙንና የግራውን ቅጠል ውፍረት በሁለት እጃቸው ያዝ አድርገው ለቀቁት። ጀመሩ። ይህም ትክክል ነበር።

በጣም ገረመኝ፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽም ቢሆን የመጣሁበትን ረሳሁ። ሦስተኛውን ገጽ ገልጬ መጽሐፉን ለእሳቸው አልሰጠሁም፤ ፊት ለፊታቸው ሣጥን ላይ ዘርግቼ፣ «አሁን ደግሞ እጅዎን ጭንዎ ላይ አድርገው ያንብቡልኝ» አልኳቸው።

መሪጌታ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ንባቡ ግን አልመጣም። ከውጭ ጀልባ ነጂው አገኘሁ ተማሪዎቹን «ይኼ የመስታወት ዕቃ ነው፤ እንደ ድንጋይ አትወርውሩት፣ የቅኔ ጌቶች!» እያለ ሲቆጣ ይሰማል። መሪጌታ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሲያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው።

«ያዝሽኝ» አሉ። «ስንት ሊቅ ያላወቀብኝን አንቺ ልጅ ያዝሽኝ።»

«ምን ይታይዎታል መሪጌታ?»

«ደመና። በነጭ ሰማይ ላይ ጥቁር ደመና። ፊደል ግን አልሆነልኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን ልንገር? ከአዲስ አበባ ድረስ መጥታችሁ፣ ስታክሙን ከርማችሁ፣ እንግዳ በሐዘን ይሸኛል? ሐኪሙ ቅር እያላቸው ሊሄዱ? ነውር ነው።» መነጽሩን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ለእናትዓለም ብነግር ደግሞ ትቀራለች። አምና ቀረች። ዘንድሮም ከቀረች ሦስተኛ አይጠሯትም። የኔ ዓይን ከበራም በራ፣ ካልበራም ስመራ የኖርሁ ሰው ነኝ። የሷ ግን አሁን ነው።»

«ብቻዎን ሆነው ደግሞ እሳት ውስጥ ቢገቡስ?»

«እሳቱን አውቄዋለሁ፤ ከእንግዲህ አንተዋወቅም አንባባልም።»

አልሳቅኩም። ለዶክተሩ መናገር ግዴታዬ ነበር። ዓይኑ ከውስጥ ተበላሽቶ ከሆነ ዛሬውኑ አብረውን ወደ አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው፤ ዝም ብዬ ከተውኳቸው ቀሪው ብርሃንም ሊጠፋ ይችላል። በሌላ በኩል ዓይኑን ጠብታ ስጨምር አይቼዋለሁ፤ አልቀላም፣ መግል የለበትም፣ ጥቁሩ ጠርቷል፤ ሕመምም የላቸውም። መልኩ ሁሉ የዳነ ዓይን መልክ ነው። ዓይኑ ደኅና፣ ንባቡ ግን የለም፤ ሁለቱ አልገጥም አሉኝ። ወደ በሩ ስሄድ መሪጌታ ከኋላዬ፣ ጨዋታውን ለመለወጥ በሚመስል ድምፅ፣ እንዲህ አሉ፦

«እኔ የምለው ግን፣ ልጄ፣ እነዚህ ሦስቱ ጺማሞች... ሁለቱ እንደ ባሕታዊ አስረዝመውት ሦስተኛው ለምን ቆረጠው? ከማኅበሩ ተለይቶ ነው?»

ቆምኩ። ሥዕሉን አየሁት። እንዳሉትም ሁለቱ ጺማቸው ደረታቸውን ሸፍኗል፤ የሦስተኛው አጭርና ሹል ነው።

«ማን ነገረዎት?»

«ምኑን?»

«የሦስተኛው ጺም አጭር መሆኑን።»

«ማን ይነግረኛል? አየሁት እንጂ።»

«መሪጌታ! አሁን አላይም አሉኝ እኮ!»

«ፊደል አላይም አልሁሽ» አሉ፤ እሳቸውም በተራቸው እየተገረሙብኝ። «ግድግዳማ ማንም ያያል።»

ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከተቀመጡበት እስከ ሥዕሉ ስድስት ሜትር ያህል ነው፤ ራሴ በገመድ ለክቼ የፊደል ሰንጠረዡን የሰቀልኩት ከዚያው ግድግዳ አጠገብ ስለነበር አውቀዋለሁ። በስድስት ሜትር የሰው ጺም ርዝመት የሚለይ ዓይን ዕውር አይደለም። ለእኛ ዓይን በራ ማለት ሰው ያያል፣ በር ያገኛል፣ ገደል ያመልጣል ማለት ነው። ለመሪጌታ ግን ማየት ማለት ማንበብ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከማየት አይቆጠርም። ፋሻው እንደተፈታ መጽሐፍ ሰጠኋቸው፤ ፊደሉ ደመና ሆነባቸው፤ በዚያው ቅጽበት ሕክምናው እንዳልሠራ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ ያዩትን ሁሉ፣ ጺሙንም ሐይቁንም የልጃቸውንም ፊት፣ እንደ ትርፍ ነገር ቆጠሩት።

የቀረችው ነገር መነጽሯ ናት። ሞራው ሲወጣ የዓይን የውስጥ መስታወት አብሮ ይወጣል፤ የሱን ሥራ መነጽር ይሠራል። ያመጣናቸው መነጽሮች የሩቁን እንዲያሳዩ የተሠሩ ናቸው፤ ለቅርብ የሚሆነው ከዚያ የበለጠ ውፍረት አለው፤ በእጃችን አልነበረም። ግን አንድ ዘዴ አለ። ወፍራም መነጽር ከዓይን በራቀ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል።

መነጽራቸውን ያዝኩና ቀስ ብዬ ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረድኩት።

«ልትጥይው ነው?»

«አይወድቅም። ዝም ብለው ይቆዩ።»

መጽሐፉን አልሰጠኋቸውም። ይህን ስህተት ሁለተኛ አልደግመውም። መሣሪያዎቻችን የተጠቀለሉበትን አንድ የቆየ ጋዜጣ ከሣጥኑ አወጣሁና ርዕሱ ወደ እሳቸው እንዲሆን ዘርግቼ፣ ክንዴ እስከቻለ ድረስ አራቅኩት። ከዚያ ትንሽ አቀረብኩት፤ ትንሽ አራቅኩት።

ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። እንደገና ተንቀሳቀሰ።

«የ... የጥ... የጥጥ» አሉ። «የጥጥ ም... ምርት... በ... በእጥፍ... አ... አደገ።»

እንዲህ ሲደናቀፉ ሰምቻቸው አላውቅም። ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ነበር የሚያነቡት፤ እኔም ያመንኩት ስለዚሁ ነው። በቃሉ የሚያነበንብ ሰው አይደናቀፍም። መሪጌታ ጋዜጣውን ተቀብለው ራሳቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ትክክለኛውን ቦታ አገኙት፣ ሁለተኛውን ርዕስ አነበቡ፣ ሦስተኛውንም። ከዚያ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው፦

«ለመሆኑ ይህ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? ዜማ የለው፣ ምሥጢር የለው» አሉ።

«ጋዜጣ ነው።»

«ሰባት ዓመት የቀረብኝ ይህ ነው?»

አሁን ሁለታችንም ሳቅን።

ዶክተር መርስዔ ኀዘን መጥተው ዓይኑን መረመሩ፤ ደኅና ነው አሉ፤ የቅርቡን መነጽር ከአዲስ አበባ እንዲልኩ ቃል ገቡ። ያላለቀው የእናትዓለም ነገር ነበር። ሮጬ ነገርኳት። ዕቃዋን አስራ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ አልፈካም።

«ትናንት ያነበቡልሽ በቃል ነው። ዛሬ ያነበቡልሽስ?»

«ጋዜጣ ነው። ጋዜጣ በቃሉ የሚያውቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሊቀመንበሩ ማታ ማታ ያነብላቸዋል።»

«ይኼኛው ግን መሣሪያ ጠቅልለንበት ከአዲስ አበባ ያመጣነው ነው!»

«እሺ፣ ያነቡ ይሆናል።» ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺስ? ስትሄጂ አዝኜ እንዳልቀር፣ ልታስደስቺኝ ብለሽ እንደሆነስ? እሳቸው አንቺን ላለማሳዘን ዋሹ። አንቺ እኔን ላለማሳዘን ብትዋሺ ምን ይገርማል? ሽኝት ላይ ማን እውነት ይናገራል?»

በእሷ ቦታ ብሆን እኔም ሌላ ሰው የለካውን ልክ አልቀበልም ነበር።

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ራሴ አያለሁ» አለችና ዕቃዋን አነሣች። «ጀልባው ላይ እወጣለሁ። ካልሆነ እወርዳለሁ፤ ዋና እችላለሁ።»

የቁንዝላ ዳርቻ ደንገልና ሣር የበዛበት ስለሆነ ሞተር ከዳር አይነሣም፤ ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው ክንፉ በሣሩ ይያዛል። ስለዚህ አገኘሁ ጀልባውን ከዳሩ ዋርካ ጋር በረዥም ገመድ ያስራል፤ ሲነሣ በእንጨት እየገፋ ገመዱ እስኪወጠር ይወጣል፤ እዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ከዳር ያለው ሰው ገመዱን ይፈታለታል። ያን ቀን ገመዱን የመፍታቱን ሥራ መሪጌታ ለራሳቸው ወሰዱት።

«ልጄን የምለቃት እኔ ነኝ» አሉ።

መንደሩ ሁሉ ወጥቶ ነበር። እማማ ውዴ እያንዳንዳችንን ጉንጭ ለጉንጭ ስመው፣ ዶክተሩን «ጺም አሳድግ፣ ያምርብሃል» ብለው መከሩ። ጓድ አዘዘ የጀመረውን ንግግር ቀጠለ። አንዷ ማር፣ ሌላዋ ደረቅ ዓሣ አመጣች፤ አገኘሁ «ጀልባዋ ሰምጣ የሐይቁ ዓሣ ያመጣችሁትን ዓሣ ይቀበላል» እያለ ሁሉንም ጫነ። መሪጌታ እኔን ሲሰናበቱ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ምርቃታቸው ረዥም ነበር። መጨረሻ ላይ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቀዳዳዋን ግን ለማንም እንዳትናገሪ፤ ተማሪዎቼ ናቸው የሚኮርጁኝ» አሉኝ።

እናትዓለም አባቷን ጉልበታቸውን ሳመች፤ ቀና አድርገው ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ ቀጥ ብላ ሁኔታዋን ተናገረች።

«አባባ፣ ከጀልባው ጣት አሳይዎታለሁ። ስንት እንደሆነ በመቋሚያዎ ያመልክቱኝ፤ አንድ ከሆነ አንድ ጊዜ ያንሡ፣ ሁለት ከሆነ ሁለት ጊዜ። ከሳቱ እመለሳለሁ።»

መሪጌታ ጥቂት አሰቡ። «ተገቢ ነው» አሉ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ። «እናንተ፣ ፊታችሁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሩ። የሚያስል፣ የሚያስነጥስ፣ ጉሮሮውን የሚጠርግ ቢኖር የዛሬ ትምህርት የለውም።»

ተማሪዎቹ ጀርባቸውን ሰጡ። ጓድ አዘዘም ምን እንደሆነ ሳይገባው አብሮ ዞረ።

አገኘሁ በእንጨቱ ገፋ። ደንገሉ ጎንና ጎናችንን እያሸ አለፈ። ገመዱ ከውኃው እየተነሣ፣ እየተንጠባጠበ ተከተለን። በመጨረሻ ተወጠረና ጀልባዋ ቆመች። እኔ ከሣጥኖቹ መካከል ከእናትዓለም ጀርባ ነበርኩ፤ ትከሻዋን እንጂ እጇን አላይም። መሪጌታ ከዋርካው ሥር፣ መነጽራቸው ፀሐይ እያንጸባረቀ፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቆመዋል።

የእናትዓለም ክንድ ወደ ላይ ወጣ። መቋሚያው ሦስት ጊዜ ተነሣ።

ክንዷ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። መቋሚያው አንድ ጊዜ ተነሣ።

እኔ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ለሦስተኛ ጊዜ ክንዷ ወጣ።

መቋሚያው አልተነሣም።

ጠበቅን። ዶክተሩ ራሳቸውን ወደ ዳር አስግገው አዩ። አገኘሁ የሞተሩን ገመድ እንደያዘ ቀረ። መሪጌታ እንደ ዋርካው ግንድ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ መቋሚያው መሬት ላይ ነው። ጨረር ዓይናቸው ውስጥ ገብቶ ይሆን? ደመና ሆኖባቸው ይሆን? ሁለቱን በግምት አግኝተው ሦስተኛውን ሲስቱ ይሆን? እናትዓለም ጫማዋን ልታወልቅ ነው ብዬ ነጠላዋን ለመያዝ እጄን ዘረጋሁ።

«እናቴ፣ ቆይ እስቲ፣ አንዴ ብቻ ድገሚላቸው» አልኳት።

ዞረች። ዕንባዋ እየወረደ ትስቅ ነበር። እጇን አሳየችኝ፤ የተጨበጠ ነው። አንድም ጣት አላወጣችም።

ገና ሳልመልስላት ከዳር የመሪጌታ ድምፅ፣ ማኅሌት የሚመራው ያ ትልቅ ድምፅ፣ በውኃው ላይ መጣ።

«እናትዓለም! ነጠላሽ! ነጠላሽ ውኃ ውስጥ ገብቷል!»

ሁላችንም አየን። እውነት ነው፤ የነጠላዋ ጫፍ በጀልባዋ ጎን ወርዶ በሐይቁ ላይ ተንሳፍፏል። እሷ ሰበሰበችው፣ ጨመቀችው፣ አንገቷ ላይ ጠመጠመችው። ከዚያ ሁለት እጆቿን አንድ ላይ አውጥታ አሥሩንም ጣቶቿን ዘረጋችላቸው። መሪጌታ አልቆጠሩም። ገመዱን ፈቱ።

አገኘሁ ሞተሩን አስነሣ። ዋርካው እያነሰ ሄደ፤ ተማሪዎቹ ዞረው እጃቸውን ያውለበልቡ ጀመር። እናትዓለም ፊቷን እስከ መጨረሻው ከዳሩ አላነሣችም፤ እኔ ግን ዓይኔ ከገመዱ ጋር ነበር። አገኘሁ ስቦ ጀልባዋ ውስጥ ሲያከማቸው፣ በዋርካው ላይ የተጠመጠመው ክፍል ጥምዝምዙን እንዳልለቀቀና ቅርፊት እንደያዘ አየሁ። እዚያ ቦታ ላይ ፋሻ አሰርኩበት። አገኘሁ «እሱም ታሟል?» አለኝ።

ባሕር ዳር ስንደርስ፣ እናትዓለም ዕቃዋን ስታወርድ፣ የፊደል ሰንጠረዡን ርቀት የምንለካበትን የስድስት ሜትር ገመድ ከሻንጣዬ አወጣሁና ሁለቱን በወደቡ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። ከፋሻው ምልክት እስከ ጀልባዋ ቋጠሮ የእኔ ገመድ ሦስት ጊዜ ሙሉ ገባ፤ የቀረውን በሜትር ለካሁት። የመሪጌታ ገብረ ኪዳን ቀኝ ዓይን የልጃቸውን ጣቶች የቆጠረው ከሃያ ሜትር ከአርባ ሳንቲ ሜትር ነው።